በጉንፋን ሰው አይሞትም

ስልኩ ሲጮህ ቴክኒሻኑ በወረንጦ የያዛትን፣ ናሙና ያረፈባትን የመዳብ ወንፊት ወደ መሣሪያው ሊያስገባ ነበር። ወንፊቷ የምስር ክክ ታህላለች። መሬት ላይ ከወደቀች አትገኝም። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ከዘንጉ ጫፍ ላይ አስቀመጣት፤ ጠበቅ አደረጋትና ስልኩን አነሳ።

የደወለው የበሩ ዘበኛ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዲት ሴትዮ በሩ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ተነሡ ብላቸው ንቅንቅ አልልም አሉ። መኪና ማስገባት አልቻልኩም።»

«ምን ይላሉ?»

«ድንቢጥን ጥራልኝ ይላሉ። እዚህ ድንቢጥ የሚባል ሠራተኛ የለም፣ ወፍ ከሆነ ዛፉ ላይ ይፈልጉ ብላቸው በዣንጥላ ሊመቱኝ ነበር።»

«እህቴ ናት። አስገባት።»

«የውጭ ሰው አይገባም የሚለውን ወረቀት የለጠፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ።»

«አስገባት አልኩህ።»

እንደምትመጣ ያውቅ ነበር። ጠዋት የልጇ ሚስት ደውላለት ነበር። ልጇ አንድያ ልጅ ነው፤ በያጅ ነበር፤ መቃብሩ ላይ ያለው አፈር ገና አልደረቀም።

«አጎቴ፣ ልብሴን አውጥተው ግቢ ላይ ጣሉት» አለችው የሟቹ ሚስት። «ልጄን ገድለሽዋል አሉኝ። ማታ ስመለስ እንዳላገኝሽ፣ ልጅቷን ግን ትተሻት ሂጂ አሉኝ። ጡት ያልተወች ልጅ እንዴት ትቼ እሄዳለሁ?»

«አሁን የት ነሽ?»

«እዚሁ ግቢ ውስጥ ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው። ልብሱ ላይ ላስቲክ እያለበስኩ ነው።»

«የትም አትሂጂ። እኔ አናግራታለሁ።»

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ላይ ነው። ሐኪም ቤት የሰጠው ወረቀት ኢንፍሉዌንዛ ይላል። እህቱ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች። ጉንፋን ነው አሏት። ጉንፋን! ሰው አፍንጫውን ጠርጎ ሥራ የሚሄድበት ነገር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ «በጉንፋን?» አለ። አንዷ ጎረቤት ጠጋ ብላ «ለመሆኑ ማታ ምን በልቶ ነበር?» ስትል ጠየቀች። የበላው ሚስቱ የሠራችውን ሾርባ ነው። ሲነጋ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለእህቱ የሚያስረዳ ሰው አልተገኘም። ብረት ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ልጅ በጉንፋን አይሞትም። ከንፈር የሚያጠቁር መርዝ ነው።

ቴክኒሻኑ ሊቀበላት ወደ ደረጃው ወጣ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ መነቃነቅ አይወድም፤ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ እንኳ ምስሉ ይርዳል። ስለዚህ ከመሬት በታች አስቀምጠውታል። እሱም የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው እዚያ ነው። ፊቱ ፀሐይ እንዳላየ ተክል ገርጥቷል። የሰፈር ሰው ዶክተር ይለዋል፤ ዶክተር ግን አይደለም። ዘመዶቹ ሲጨብጡት እጃቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህብን መጣህ?» ይሉታል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «እኔ ጋ የሚመጣው ሬሳ ነው። ሬሳ አያስነጥስም።»

እውነቱን ነው። ከበሽተኛ የተወሰደውን ናሙና ፎቅ ላይ ያሉት ያባዙታል፤ ካባዙት በኋላ በመድኃኒት ገድለው ወደ እሱ ይልኩታል። የእህቱ ልጅ ናሙናም የመጣው እንዲሁ ነው። ሐኪም ቤቱ ከሳንባው የቀዳውን ፈሳሽ ልኮት ነበር። የዘመድ ናሙና ሲመጣ ለሌላ ባለሙያ መስጠት ደንብ ነው። እሱ ግን ለማንም አልሰጠም።

እህቱ ከላይ ብቅ አለች። ጥቁር ለብሳለች። ዣንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛዋለች። ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመችና ሳለች። ሳሉ ደረቅ ነው፤ ከታመመች ወዲህ አለቀቃትም።

«ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ቢሮ አለኝ ስትል ፎቅ ላይ መስሎኝ።»

«የደረጃውን ብረት ያዢ፣ እታለም።»

ያዘች። ከዚያ እጇ ቆመ። ጣቷን በብየዳው ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደች። ብየዳው የዳነ ቁስል ይመስል ልስልስ ብሏል።

«ይሄ የእሱ እጅ ነው።»

«አዎ። የድሮው ተነቅሎ ነበር። አንቺ ከመታመምሽ በፊት መጥቶ ሠራልኝ።»

«ቀለም አልቀባውም።»

«ቀለሙን ሌላ ቀን እመጣለሁ ብሎ ነበር።»

ብረቱ አንዳንድ ቦታ ዝገት ጀምሮታል። እህቱ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። ዝገቱ አልለቀቀም። ደረጃውን ወርዳ ስትጨርስም እጇን ከብረቱ ወዲያው አላነሳችም።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ወንበር አንድ ነው። ሰጣት። መሣሪያውን ከታች እስከ ላይ አየችው። ከወለል ተነሥቶ ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ የብረት ምሰሶ ነው፤ ጎንና ጎኑ ሽቦ ብቻ ነው። ከውስጡ አየር የሚስብ ሞተር ያለማቋረጥ ያጉረመርማል።

«ስማኝ ድንቢጥ» አለች። ልጅ ሳለ ቀጭን ስለነበር ያወጣችለት ስም ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ከዚህ ወጥቼ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምሄደው። ያቺን ሴት አሳስራታለሁ። መቃብሩም ይከፈት ካሉ ይከፈት። ግን አንተ ለቅሶው ላይ፣ በዚህ መሣሪያ የገደለውን አይቼዋለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«አሳየኝ። ባየው አምናለሁ። ካላየሁ ግን እህቴ አትበለኝ፣ አላምንህም።»

«አሳይሻለሁ።»

መብራቱን አጠፋ። ዘንጉን ወደ ምሰሶው አስገባና ጨረሩን ለቀቀ። ከምሰሶው ሥር፣ ከወፍራም መስታወት ኋላ፣ አረንጓዴ ብርሃን ክብ ሆኖ በራ። የእህቱ ፊት አረንጓዴ ሆነ።

«ግንባርሽን መስታወቱ ላይ አስጠጊ።»

«ምንም አይታየኝም።»

«ቆይ፣ ዓይንሽ ጨለማውን ይልመድ።»

«ዓይኔ ጨለማ ከለመደ ቆየ። ከተቀበረ ወዲህ ሌላ ምን አየሁ?»

መቆጣጠሪያውን በቀስታ አዞረ። የወንፊቷ ቀዳዳዎች እንደ መስኮት ተራ በተራ አለፉ። አንዱን መረጠና አጎላው። ባዶ ነው። ሌላ ፈለገ። እዚያ አገኛቸው። ጠቆር ባለ መደብ ላይ ነጣ ያሉ ክብ ነገሮች ተበትነዋል። አንዳንዱ ሞላላ ነው፤ አንዱ ደግሞ እንደ ትል ረዝሟል። ሁሉም ዙሪያቸውን ጥቅጥቅ ያለ አጭር እሾህ አላቸው፤ የፎጣ ዘርፍ ይመስላል።

«እነዚህ ድቡልቡሎቹ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

ግንባሯን ከመስታወቱ ሳታነሣ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አፍ የላቸውም።»

«የላቸውም።»

«ታዲያ በምን በሉት?»

«አይበሉም። ዙሪያቸውን ያለው እሾህ ይታይሻል? በእሱ ሳንባ ላይ ይጣበቃሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው እንደ እነሱ ያሉ ብዙ ያወጣሉ። ሳንባው ውኃ ይሞላል። አየር ይጠፋል። ሰው አየር ሲያጣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ እታለም። መርዝ አይደለም። የታነቀ ሰው ነው እንዲያ የሚሆነው።»

«ታንቆ ነው የሞተው?»

ቴክኒሻኑ ቃሉን መመለስ ቢችል ይመልስ ነበር።

«አዎ።»

«አሁን ለምን አይንቀሳቀሱም?»

«ሞተዋል።»

«እሱን ገድለው ሞቱ» አለች። «ምን አተረፉ?»

ውጪ ከባድ መኪና አለፈ መሰል፣ ምስሉ ራድ ራድ አለና ቆመ።

«እርግጠኛ ነህ የእሱ ናቸው?»

«ከሳንባው የወጣ ነው።»

«ከሳንባው።» እጇን መስታወቱ ላይ ጣል አደረገች። «እንግዲያ ከእሱ የተረፈኝ ይሄ ነው በለኛ።»

ከዚያ ከመስታወቱ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያ የሰሞኑ ቁጣ አልነበረም። ቴክኒሻኑ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው። ምራቷ ዳነች አለ በሆዱ።

«በጉንፋን ሰው ይሞታል ማለት ነው» አለች እህቱ።

«ይሞታል። ሁልጊዜ አይደለም እንጂ ይሞታል።»

«ከየት አገኘው?»

«ከሰው ነው። በሳል ይተላለፋል። አንድ ሳል ውስጥ ያለው ብዛት እንዳየሽው አይደለም፤ የዚህ ከተማ ሕዝብ ቢቆጠር አይደርስበትም።»

ይህን የተናገረው እንደ ለመደው ነው። ለሚጎበኙት ተማሪዎች ሁሉ የሚለው ነው። ተናግሮ ሳይጨርስ እህቱ ሳለች። በእጇ አፏን ከልላ ሳለች፣ ከዚያ እጇን አወረደችና መዳፏን በአረንጓዴው ብርሃን አየችው።

ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል።

«እኔ ነበርኩ መጀመሪያ የታመምኩት» አለች።

«እታለም...»

«ቆይ። ተሸክሞ ሽንት ቤት የወሰደኝ ማን ነው? እሱ ነው። ትከሻው ላይ ተደግፌ ስስል ነበር። ፊቱን ዘወር እንኳ አላደረገም። ሻይ አልጠጣም ስለው፣ ይኸው አይፋጅም ብሎ በእኔ ብርጭቆ ቀድሞ ጠጣ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ሚስቱን አትምጪ፣ ልጅ ታጠቢያለሽ አላት። እሷ አልመጣችም። እሱ ነው እኔ ጋ ያደረው።»

ቴክኒሻኑ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቀብሩ ላይ ቆሞ ሳለ ቀኑን በልቡ አስልቶት ነበር። እህቱ ታማ በነበረ ጊዜ ብርቱካን ይዞ ሄዷል። ከደጃፉ ግን አላለፈም። ፌስታሉን በሩ ሥር አስቀምጦ ከሩቅ እግዜር ይማርሽ አለ። ልጇ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ «አጎቴ ጉንፋን ይፈራል!» ብሎ ሳቀበት። እህቱም እየሳለች ሳቀች። አሁን ምራቷን ላድን ብሎ ወደዚህ ጨለማ ሲያወርዳት፣ ብርሃኑ ሌላም ነገር እንደሚያሳያት አላሰበም።

«ንገረኝ» አለች። «ከእኔ ነው?»

«አይታወቅም። መሣሪያው ይሄን አያሳይም። ከማን እንደመጣ አይጻፍበትም።»

«አይታወቅም አትበለኝ። ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ እሷ ናት። ወይ ሳሉ ነው፣ ወይ ሾርባው ነው። ሦስተኛ ሰው የለም።»

«ሾርባው አይደለም። አሁን አየሽ አይደል?»

«እንግዲያ እኔ ነኝ።» ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች፤ መልሳ አሰረችው። «አንተ አትዋሽም። ልጅ ሆነህ ገንቦውን የሰበርክ ጊዜ እንኳ ሳልጠይቅህ መጥተህ ነው የነገርከኝ። ንገረኝ፣ ድንቢጤ። እኔ ከሆንኩ መሄጃዬን አውቃለሁ። ያንን ቤት ዳግመኛ አልረግጠውም።»

ይህን ያለችው ሳታለቅስ ነው። ያስፈራውም እሱ ነው። እህቱ ስትዝት ታወራለች፣ ትጮሃለች፣ በዣንጥላ ትማታለች። ቁርጥ ያደረገችውን ነገር ስትናገር ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል። አይደለሽም ቢላት አታምነውም። አይታወቅም ቢላት ሾርባው ተመልሶ ይመጣል። ምራቷ ላስቲክ ካለበሰችው ልብስ አጠገብ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች።

መብራት አላበራም። በጨለማ ይሻላል አለ በሆዱ።

«ሦስተኛ ሰው አለ» አላት።

«ማን?»

«እኔ።»

ቀና ብላ አየችው።

«ደረጃውን ሊበይድ የመጣ ቀን እዚህ ክፍል አስገብቼዋለሁ። ሥራዬን ላሳየው ብዬ ነው። ፎቅ ላይ ያሉት በወጉ ያልገደሉት ናሙና ነበር። ጠርሙሱን በእጁ ይዞት ነበር። ከዚያ በዚያው እጁ አፉን ጠረገ። አየሁት። ዝም አልኩ።»

«እሱ ግን ከእኔ በኋላ ነው የታመመው።»

«አሮጊት ላይ ቶሎ ይወጣል። እሱ ጎበዝ ነው፣ ቆየለት። አንቺንም ያስያዘሽ እሱ ነው። እሱን ያስያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ሬሳ ነው ትለን አልነበር? ሬሳ አያስነጥስም ትለን አልነበር? ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ዋሽቻችኋለሁ።»

በሕይወቱ ሙሉ እውነት ነው ብሎ የያዘው አንድ ነገር ቢኖር ያ ነበር። ሲለቀው ቀላል ሆኖ ወጣ።

እህቱ ከወንበሩ ተነሣች። አንድ ነገር ትዝ አላት። ትዝ ሲላት በፊቷ ላይ አየው።

«በር ላይ የቆምከው ለዚህ ነው» አለች። «ብርቱካኑን መሬት ላይ ያስቀመጥከው። አውቀህ ነበር።»

ይህን አላሰበበትም ነበር። እሷ ራሷ ናት ያቀበለችው።

«አዎ» አለ።

«እየሳቀብህ ነበር እኮ። ልጄ እየሳቀብህ ነበር።»

«አዎ።»

ትመታኛለች ብሎ ዣንጥላውን አየ። አልመታችውም። ሻርፗን ወደ ላይ ሳበችና አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። ወደ ኋላ እያፈገፈገች ከእሱ ራቀች። በር ላይ ደርሳ ቆመች።

«ብሞት አፈር እንዳታለብሰኝ» አለች ከጨርቁ ሥር። «ቀብሬ ላይ ካየሁህ ተነሥቼ ነው የማባርርህ።»

«ሚስቱስ?»

«እሷ ምን አደረገች!» ብላ ጮኸችበት። «ለልጄ ሾርባ የሠራችውን ምስኪን...» ቃሉን አልጨረሰችውም።

ስትወጣ ሰማት። በየደረጃው ታርፋለች፤ ትስላለች፤ እንደገና ትወጣለች። የደረጃውን ብረት ትያዝ አትያዝ ከታች ሆኖ አላየም። ሊያይም አልወጣም።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ዘበኛው ነበር።

«ጋሼ፣ እህትዎ ወጡ። በሩን በእጃቸው አልነካም ብለው በክርናቸው ገፉት። እኔንም እዚህ ቤት ውኃ እንዳትጠጣ አሉኝ። ደኅና ናቸው?»

«በየት በኩል ሄደች? ወደ ፖሊስ ጣቢያው?»

«ወደ ላይ፣ ወደ አውቶቡሱ። ፖሊስ ጣቢያው በታች ነው፣ በዚያ አልሄዱም። ውኃው ምን ሆኗል ግን?»

«ውኃው ደኅና ነው። ጠጣ።»

ነገ ዘበኛው ለጽዳቷ ይነግራታል፤ ጽዳቷ ፎቅ ላይ ላሉት ትነግራለች። ዘመድ ሁሉ ደግሞ ዛሬውኑ ይሰማል። እጃቸውን የሚሰበስቡ የነበሩት ጭራሽ አይጨብጡትም። ልክ ነበርን ይላሉ።

ወደ መሣሪያው ተመለሰ። ጨረሩን ሳያጠፋው ቀርቷል። ናሙና ጨረር ሲበዛበት ይቃጠላል። ድቡልቡሎቹ አብጠዋል፤ እሾሃቸው ረግፏል፤ አንዳንዱ ከመደቡ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ግንባሩን እሷ ባስጠጋችበት ቦታ አስጠግቶ አየ። መስታወቱ በትንፋሽዋ ደብዝዞ ነበር። በእጅጌው አልጠረገውም።

ከዚያ ለምራቷ ደወለ። ከወዲያ በኩል ሕፃን ታለቅሳለች፤ ዝናብ ላስቲክ ላይ ይወርዳል።

«አጎቴ?»

«ልብስሽን ወደ ቤት አስገቢ።»

«አመኑ?»

«አምናለች። እየመጣች ነው። ስትደርስ ልጅቷን ስጫት። እህቴን ብቻዋን እንዳታስተኚያት። ዛሬም፣ ነገም።»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አጎቴ። ምን ብለው አሳመኗቸው?»

በመስታወቱ ውስጥ የቀረችውን አንዷን ድቡልቡል አየ። እጁን ሰደደና ጨረሩን አጠፋ።

«ስለ እኔ የምትነግርሽ ነገር አለ» አለ። «አንቺም እመኚያት።»